ዲያስፖራ ጡረታ አይወጣም ያለው ማነው?

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ሲፈላ አንብቡት። የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር ዛሬም ጂኦግራፊ ጀመረ» እንደምትሉ አውቃለሁ። አልተሳሳታችሁም፣ ጂኦግራፊም አለበት። ዋናው ጉዳይ ግን የቤተሰብ ነው፣ ያውም እኔ ራሴ ያጠፋሁበት። ባለጉዳዮቹ አንብበውት ፈቅደውልኛል።

ባለፈው ኅዳር የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ተለቀቀ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሚኖሩት አጎቴና ባለቤታቸው (እኛ ጋሼና እትዬ እንላቸዋለን፣ ስማቸውን አልጠራም) አንድ ግዙፍ ነጭ መኪና ተደግፈው ቆመዋል። የመኪናው ፊት ሚኒባስ ይመስላል፤ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ያለው ደግሞ መስኮትና በር ያለው ቤት ነው። ከሥሩ ጋሼ «ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። የብርዱን ወራት ባሕር ዳር ልናሳልፍ ነገ እንነሳለን፣ ጸልዩልን» ብለው ጽፈዋል። አንዷ አክስቴ ፈጠን ብላ «እሰይ! ባሕር ዳር መቼ ትገባላችሁ? አዲስ አበባ ድረስ መጥተን እንቀበላችሁ?» አለች። ጋሼም «የጣናው ባሕር ዳር አይደለም፤ ቴክሳስ ነው፣ የባሕሩ ዳር» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ጸጥ አለ። እኔ ኢንተርኔት የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

ጸጥታው ሲሰበር የመጣውን መገመት አያቅትም። «ቤታቸውን ሸጠው ነው?» «በስተርጅና መኪና ውስጥ ማደር ምን ይሉታል?» «ልጆቻቸው ዝም ብለው ያያሉ?» «እኛ እዚህ በኑሮ ውድነት እየተቃጠልን…» እኔ ግሩፑ ላይ ምንም አላልኩም። መምህር ነኝ፣ አደባባይ ላይ ጨዋ ነኝ። በውስጥ መስመር ግን ለጋሼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦ «የዚህ መኪና ዋጋ እዚህ የጀመርነውን ቤት ሦስት ጊዜ ይጨርስ ነበር።»

ቤቱ ምንድነው ላላችሁ፦ አያቴ በሕይወት ሳሉ ጋሼ በየወሩ 200 ዶላር ይልኩ ነበር። አያቴ ካረፉ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ገንዘቡ ግን አልቆመም። እኛ «ይብቃዎት» አላልንም፣ እሳቸውም አላቆሙም። መጀመሪያ የታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ ሆነ፤ ቀጥሎ ግቢያችን ውስጥ የሚከራዩ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ጀመርንበት። ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ቀረ። መስከረም ላይ ጋሼ ደውለው «ልጄ፣ ከእንግዲህ ጡረተኛ ነኝ። ለበዓል ለበዓል እንጂ በየወሩ አልችልም» አሉኝ። እሺ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው። መኪናውን ሳይ «ለካ ጣሪያችንን የበላው ይሄ ነው» አልኩ።

ጋሼ አራት ቀን ዘጉኝ። በአምስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት መጣ። ከጀርባው ነፋስና የማዕበል ድምፅ ይሰማል። አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። «መኪና ውስጥ ማደር ለኔ አዲስ ነው እንዴ? አባትህ አልነገረህም?» ብለው ሳቁ።

ነግሮኛል እንጂ። ጋሼ በወጣትነታቸው የአሰብ መስመር ረዳት ነበሩ፣ በኋላም ሹፌር። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ እያሉ አሰብ ወደብ ይወርዳሉ፤ ጭነት ይዘው ይመለሳሉ። ሙቀቱን ሽሽት ማታ ማታ እየነዱ፣ ቀን ከመኪናው ሥር ጥላ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ። በልጅነቴ ስለ ባሕር የሰማሁት ከሳቸው ነው። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሌሊት እንዴት እንደሚያበራ፣ መርከብ ወደብ ሊጠጋ ሲል የሚያሰማው ድምፅ ሆድን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ ያወሩልን ነበር። ያ መንገድ ሲዘጋ ሥራቸው ተዘጋ። በ1992 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ሄዱ።

ሚኒሶታ ከካናዳ ድንበር ጋር የሚዋሰን ግዛት ነው። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መውረዱ ብርቅ አይደለም። ጋሼ እዚያ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠሩ፣ ከዚያ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆኑ። ከአሰብ በረሃ ወጥቶ በበረዶ ላይ አውቶቡስ መንዳት ምን እንደሚመስል እኔ አላውቅም። እትዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነበሩ። ሽማግሌ ያገላብጣሉ፣ ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ። ሁለቱም እንዲህ አድርገው ሦስት ልጆች አሳደጉ።

እንግዲህ መምህር አይደለሁ፣ ያን ቀን ማታ ወረቀት አወጣሁ። 200 ዶላር በየወሩ፣ ለ24 ዓመት። 57,600 ዶላር። የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የፋሲካ በግ፣ የአያቴ የዓይን ቀዶ ጥገና ሳይጨመር ነው። ያገለገለው መኪና የተገዛው በ38 ሺህ ዶላር ነው። ማለት እኛ አንዱን መኪና በልተን ሁለተኛውን አጋምሰናል። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት፣ ግን ቁጥሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ጋሼና እትዬ በየሳምንቱ ይደውሉልኛል፣ ቪዲዮም ይልካሉ። ስለዚህ የማወራችሁ አሜሪካን አይቼ አይደለም፤ በሳቸው ስልክ ውስጥ አይቼ ነው።

መኪናው አርቪ ይባላል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት፣ ሻወር አለው። ሦስት የውሃ ታንከር አለው፦ አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ የመታጠቢያ ቆሻሻ፣ አንዱ የሽንት ቤት። የቆሻሻዎቹ ሲሞሉ ለዚሁ በተዘጋጀ ቦታ በቱቦ ይደፋሉ። ጋሼ ይሄንን ሲያሳዩኝ ጓንት አድርገው እየሳቁ ነበር። «ዘመዶችህ ተዝናና የሚሉኝ ይሄን ነው» አሉ። ከሚኒሶታ ሲነሱ ቧንቧው ውስጥ ውሃ አይኖርም፣ ውሃ ካለ በርዶ ቧንቧውን ይፈነዳዋል። በውሃው ፋንታ ሮዝ ቀለም ያለው የማይበርድ ፈሳሽ ይሞሉበታል። ስለዚህ ኦክላሆማ እስኪደርሱ በጀሪካን ውሃ ነው የሚጠቀሙት። ጀሪካን! ሚኒያፖሊስ 24 ዓመት ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ በጀሪካን ታጠቡ። እትዬ ይሄን ሲያወሩ ሳቃቸው አያስጨርሳቸውም።

መንገዱ ለአገር ልጅ የሚገርም ነው። አንድ አውራ ጎዳና፣ ቁጥሩ 35፣ ከሰሜን ሚኒሶታ ተነስቶ በካንሳስ ሲቲ፣ በኦክላሆማ ሲቲ፣ በዳላስ፣ በኦስቲን፣ በሳን አንቶኒዮ አድርጎ እስከ ሜክሲኮ ድንበር ይወርዳል። ጋሼ ሳን አንቶኒዮ ላይ ይለዩትና ወደ ባሕሩ ይታጠፋሉ። በጠቅላላው 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወጣት በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ እነሱ ስድስት ቀን ፈጀባቸው። በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ አልነዳም ብለው ምለዋል። ማታ የሚያድሩት በካምፕ ቦታ ወይም ፈቃድ ጠይቀው በትልልቅ ሱቆች ማቆሚያ ነው።

የሚደርሱበት አገር ኮርፐስ ክሪስቲ የምትባል የወደብ ከተማ አጠገብ ነው። ስሙ በላቲን የክርስቶስ ሥጋ ማለት ነው። እትዬ ይሄን ሲሰሙ «በቃ፣ እዚህ ነው የምንቀመጠው» አሉ፤ ሌላ ምክንያት አልፈለጉም። ጥር ላይ ቀን ቀን 19 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የኛ ደሴ ዓይነት አየር ማለት ነው። ከከተማው ፊት ለፊት፣ በየብሱና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ መካከል፣ እንደ አጥር የተጋደሙ ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች አሉ። (ዘጠነኛ ክፍሎች፣ ማዕበልና የባሕር ሞገድ አሸዋ እየገፉ የሚሠሩት መሬት ያልኳችሁ ይሄ ነው።) ፓድሬ የምትባለዋ ደሴት ላይ 113 ኪሎ ሜትር ያህል ቤት ያልተሠራበት ዳርቻ ተጠብቆ ይገኛል፤ ከዓለም በዓይነቱ ረጅሙ ነው። ከደሴቲቱ ጀርባ ያለው ውሃ ከባሕሩ የባሰ ጨዋማ ነው፤ ወንዝ ብዙ አይገባበትም፣ ፀሐዩ ይጠጣዋል። ለአፋር ጨው ለሚያውቅ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፖርት አራንሳስ ወደምትባለው የደሴት ከተማ መግቢያው አንዱ በጀልባ ነው። መኪናችሁን ጀልባው ላይ ታወጣላችሁ፣ በጥቂት ደቂቃ ያሻግራችኋል፣ ክፍያ የለውም፣ ሌትም ቀንም ይሠራል። ጋሼ ያለ ምንም ጉዳይ በእግራቸው ወጥተው ይሻገራሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ለምን ስላቸው «መርከብ ለማየት» አሉኝ። ኮርፐስ ክሪስቲ ከአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ በብዛት ከሚወጣባቸው ወደቦች ዋነኛው ነው። ባለ ፎቅ የሚያካክሉ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ከጀልባዋ አጠገብ ያልፋሉ፣ ዶልፊኖች ከፊታቸው ይዘላሉ። አንድ ቀን በቪዲዮ ሲያሳዩኝ መርከቡ ጡሩንባውን ነፋ። ጋሼ ስልኩን እንደያዙ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ «ሰማኸው? ይሄ ነው የምልህ የነበረው» አሉኝ። ያን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ አሰብ ላይ የሰሙት ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው።

እዚያ ብቻቸውን አይደሉም። ከሚኒሶታ፣ ከአይዋ፣ ከዊስኮንሲን፣ ከካናዳም ብርድ የሚሸሹ ጡረተኞች በየዓመቱ ይወርዳሉ። የአገሩ ሰው «የክረምት ቴክሳሶች» ይላቸዋል። ኅዳር ላይ የሚመጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአውሎ ነፋሱ ወቅት በፈረንጅ ኅዳር መጨረሻ ነው የሚያልቀው። ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ የብስ የረገጠው እዚሁ ሰፈር፣ ሮክፖርት አጠገብ ነበር። ብርዱም ቢሆን አንዳንዴ ተከትሎ ይመጣል። የካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ ስትበርድ የባሕር ኤሊዎች ደንዝዘው መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። ሰው በጀልባና በመኪና እየጫነ በሺዎች የሚቆጠሩትን ከደቡብ ፓድሬ የስብሰባ አዳራሽ ወለል ላይ ደርድሮ አሙቆ አተረፋቸው። አንዳንዶቹ አዳኞች ራሳቸው ጡረተኞች ነበሩ ብለው ጎረቤታቸው ለጋሼ አጫውተዋቸዋል።

ጎረቤት ካልኩ አይቀር የቡናውን ነገር ልንገራችሁ። እትዬ በመጀመሪያው እሑድ አርቪው ውስጥ ቡና ቆሉ፣ እጣን አጨሱ። የጭስ ማንቂያው ጮኸ። ግራ ቀኝ ያሉ ሽማግሌዎች እሳት መስሏቸው ማጥፊያ ይዘው ሮጠው መጡ። ሲኒ ተሰጥቷቸው ቁጭ አሉ። አሁን እትዬ ውጭ፣ በመኪናው ሸራ ጥላ ሥር ነው የሚያፈሉት፤ እሑድ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የየራሱን ወንበር ይዞ የሚመጣው ሰው አሥራ ሁለት ደርሷል። ሦስተኛው በረካ ምን ማለት እንደሆነ አንድ የአይዋ ገበሬ ለሌላው ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፣ በስልክ።

እንጀራ ደግሞ ሌላ ትግል ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ የኖርዌይ ዘር ያለው ሰው አለ፤ ከድንች ለፍሰ የሚባል ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው። ሐበሻው ያንን ገዝቶ እንጀራ ይጋግርበታል። ምጣዱ ወደ 1,500 ዋት ይበላል። የጋሼ መኪና የሚችለው 30 አምፒር ነው፣ በነሱ 120 ቮልት ስታባዙት 3,600 ዋት። ምጣዱ ላይ ማሞቂያውና ማይክሮዌቩ ከተደረቡበት ቆጣሪው ይዘላል። ስለዚህ እትዬ ሲጋግሩ ጋሼ ከውጭ ይባረራሉ፣ ማሞቂያም የለም፣ ሻይም የለም። (አሥረኛ ክፍሎች፣ ፊዚክስ የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው።) በጾመ ነቢያት ጋሼ ምሰሶ ድልድዩ ላይ ቆመው ዓሣ ሲያጠምዱ ነበር፤ ለዚያም ፈቃድ ተከፍሎ ነው። ለገና ሂዩስተን ድረስ ከሦስት ሰዓት በላይ ነድተው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰው ተመለሱ።

ይሄን ሁሉ ስሰማ የጠየቅኳቸው አንድ ጥያቄ ነበር። ከዓለም ሁሉ ለምን እዚያ? የመለሱልኝ እትዬ ናቸው።

መጦሪያው ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል፣ የልጆቻቸውን ስም አያውቁም። ግን በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቁና እትዬን «መኪናው ተጭኗል?» ይሏቸዋል። ዱሮ ከባላቸው ጋር በየዓመቱ በአርቪ ወደ ቴክሳስ ባሕር ይወርዱ ኖሯል። እትዬ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ኋላ ግን መልሱን ለመዱት። «ተጭኗል፣ ጠዋት እንነሳለን» ሲሏቸው አሮጊቷ መልሰው ይተኛሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ሲነቁ አንዳንዴ ስለ ነጫጭ ወፎች ያወሩላቸዋል። እትዬ «ያን ጊዜ ሴትዮዋ የሚቃዡ መስሎኝ ነበር። ሄጄ ሳየው ወፎቹ አሉ» አሉኝ።

ወፎቹ በእርግጥ አሉ። ከፖርት አራንሳስ በስተ ሰሜን አራንሳስ የሚባል የዱር እንስሳት መጠበቂያ አለ። ቁመታቸው ሰው ደረት የሚደርስ፣ ሲዘረጉ ክንፋቸው ከሁለት ሜትር የሚበልጥ፣ አናታቸው ቀይ የሆነ ነጫጭ ወፎች የብርዱን ወራት እዚያ ያሳልፋሉ። ሁፒንግ ክሬን ይሏቸዋል። ከሰሜን ካናዳ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል በርረው ነው የሚመጡት። በ1941 እ.ኤ.አ. እዚያ ለመክረም የመጡት ከ20 ያንሱ ነበር፤ ሊጠፉ ነው ተባለ። በጥበቃ ተባዝተው አሁን ከ500 በላይ ሆነዋል። ባልና ሚስት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ አንድ ጫጩት ካላቸው መሐል አስገብተው ረግረጉ ውስጥ ሸርጣን እየለቀሙ ይውላሉ። እትዬ ባይናኩላር ተውሰው ሲያዩአቸው አለቀሱ። ለምን እንዳለቀሱ አልጠየቅኋቸውም። ጋሼ ግን «ሴትዮዋን አስታውሳ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ፣ ምክንያቱም እህቴ ይሄን አንብባ እንደምትደውል አውቃለሁ።

መኪና ውስጥ መኖር ውርደት ነው የሚለውን ብዙ አልቆይበትም። ሰው የሚያፍረው በእንግድነት ወይም በጉልበቱ ላልሠራው ነገር ነው፤ እነሱ በላባቸው ገዝተው ነው የሚያድሩበት። ሽማግሌ ከልጅ ልጅና ከቤተ ክርስቲያን መራቅ የለበትም የሚለው ግን ትንሽ ይከብደኛል፣ እውነት አለበት። የልጅ ልጆቻቸው ሚኒሶታ ናቸው። አምስት ወር በስልክ ነው የሚያዩአቸው። እትዬ ራሳቸው በጥምቀት ዕለት ብቻቸውን ባሕሩ ዳር ቆመው ሆድ እንደባሳቸው ነግረውኛል። የእትዬ እጅ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የዛሬ ሁለት ዓመት በረዶ ላይ ወድቀው አንጓቸው ተሰብሯል፤ ሪህም አለባቸው። ሚኒሶታ ውስጥ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከቤት አይወጡም ነበር። ቴክሳስ ላይ በቀን አምስት ኪሎ ሜትር ይራመዳሉ። ከልጅ ልጅ ጋር አንድ ከተማ ሆኖ በር ዘግቶ መቀመጥም መራቅ ነው።

የኔ ሥጋት ሌላ ነው። መኪናው ረጅም ስለሆነ የባሕሩ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ጋሼ 67 ዓመታቸው ነው፣ እትዬ ያንን መኪና አይነዱም። ጋሼ መንገድ ላይ ቢታመሙስ? ደግሞ ነዳጁ፤ በአንድ ጋሎን አሥር ማይል ገደማ ነው የሚሄደው፣ ደርሶ መልስ ተዉት። የጤና መድኃኒታቸውን ጉዳይ ጠይቄያቸዋለሁ። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን ዋናው ዓይነት በየትኛውም ግዛት ይሠራል፤ በግል ኩባንያ በኩል የሚገዛው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ በአካባቢ የተወሰነ ነው። እነሱ ዋናውን ይዘዋል። ለካ ከኔ በፊት አስበውበታል። «መንገድ ላይ ብትሞቱስ?» ብዬም ጠይቄአለሁ፣ ድፍረቴን አያችሁ። እትዬ ምን አሉ? «የሚኒሶታው ዕድር እኮ የዓመቱን ተቀብሎናል።»

አሁን ገንዘቡ። እኔ ከደመወዜ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥብኛል፣ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርልኛል፣ 60 ሲሞላኝ እወጣለሁ። ማንም ዘመድ መጥቶ «ጡረታ አትውጣ» አይለኝም። ከጋሼ ደመወዝም ለመንግሥታቸው ጡረታ 6.2 በመቶ ሲቆረጥ ኖሯል። ከዚያ ከተረፈው ላይ ደግሞ እኛ ቆረጥን። ልዩነቱ አሜሪካ የቆረጠው አሁን ተመልሶላቸዋል፤ የኛው አይመለስም። አይመለስም ብቻ ሳይሆን እንዲቆም እንኳ አልፈቀድንም። ሰውየው ከሥራ ጡረታ ወጥተው ከኛ ግን አልወጡም።

ዶላሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲለቀቅ ምን እንዳልን ታስታውሳላችሁ? እኛ ቤት ደስታ ነበር። 200 ዶላሯ በአንድ ሳምንት ውስጥ በብር አበጠች። ስሚንቶውና ብረቱ አብረው እስኪያብጡ ድረስ። ያን ጊዜ «ጋሼ እንግዲህ በዚያው ይላኩ እንጂ ትንሽ ይቀንሱ» ያለ ሰው ከመሐላችን አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ሰው ሆስፒታል ተኝቶበት ዘመዱን የሚጠይቅ አለ፤ ይሄ ጽሑፍ ለሱ አይደለም። የተፈናቀለ አለ፣ ልጁ የተራበችበት አለ። አያቴ ዓይናቸው የበራው በጋሼ ገንዘብ ነው፣ ይሄንን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። እኔ የማወራው ስለ ሰርቪስ ክፍሎቹ ነው። ችግር ሆኖ ጀምሮ ልማድ ስለሆነው። ልማዱን የሚያውቀው ሰው ራሱን ይለየዋል፤ ወር ሲሞላ ስልኩን የሚያይበት አስተያየት አለ።

አባቴም መምህር ነበሩ። ከኛ ኮምቦልቻ ላሊበላ ሩቅ አይደለም። «አንድ ገና ላሊበላ እሄዳለሁ» ይሉ ነበር። የኔ ትምህርት ይለቅ አሉ፣ የእህቴ ሠርግ ይለፍ አሉ፣ የግቢው አጥር ይታጠር አሉ። በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ሦስት ዓመት በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው መንገድ አዩ። ማንም «አባባ፣ ተነሱ እንሂድ» አላላቸውም። ልጃቸው የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ፣ ተማሪዎቹን በየዓመቱ ሽርሽር እየወሰደ። በ63 ዓመታቸው አረፉ። አጥሩ ግን አለ፣ ቆሟል።

ስለዚህ ለጋሼ መልሼ ጻፍኩላቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ጣሪያውን ከመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሬ ለሁለቱ ክፍሎች ቆርቆሮ መታሁ፤ ሁለቱ እንደሆኑ ይቆያሉ። እህቴ «ለሰው አሜሪካ መዝናኛ አንተ ዕዳ ገባህ» ብላኝ ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። አሁንም በሐሳቧ ናት። እዚህ ሥር መጥታ ከጻፈች መልሱላት፣ ግን እንዳትሰድቧት፣ ታላቄ ናት።

ጋሼና እትዬ መጋቢት መጨረሻ ላይ ወደ ሰሜን ይነሳሉ፤ ወፎቹም በዚያው ሰሞን ነው የሚመለሱት። እትዬ የኔን አንድ ነገር ጠይቀውኛል፣ በ24 ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። ለመጪው ኅዳር የኮምቦልቻ በርበሬና ሽሮ ይፈልጋሉ፣ የአርቪው ቁም ሳጥን ጠባብ ስለሆነ በትንንሽ ከረጢት ተከፋፍሎ። ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ወደ ሚኒያፖሊስ የሚሄድ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠቅላላው ከአራት ኪሎ አይበልጥም።